በአራቱ ጠርዝ ላይ ያለው ጽሑፍ

ኤረር፣ ጥር 3 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለመምህርቴ ለቲቸር እፀገነት፣

እንዴት ከረሙ? የጅጅጋ ብርድ እንዴት ይዞዎታል? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ፤ ኤረር እንኳን ብርድ በቂ ጥላም የላትም። ከተመረቅሁ ወዲህ አንዲት መስመር ሳልጽፍልዎ ሰባት ወር ማለፉን ሳስብ አፍሬ ብዕር መያዝ ከበደኝ። ሥራ በዝቶብኝ ነው ብዬ ልዋሽ ነበር። እውነቱ ግን ቋሚ ሠራተኛ ስሆን እጽፍላቸዋለሁ፣ ደስ የሚል ወሬ ይዤ እመጣለሁ እያልኩ ነው የቆየሁት።

ባለፈው በስልክ «ድምፅሽ ምን ሆኗል?» ሲሉኝ ኔትወርኩ ነው አልኩዎ። ኔትወርኩ አልነበረም። እርስዎም አላመኑኝም፤ «በስልክ የተጠየቀ ጥያቄ ግማሹ ሃሎ ሃሎ ነው፤ ጻፊልኝ» አሉኝ። ይኸው ጻፍኩ።

በወረዳው ውሃ ጽሕፈት ቤት የንድፍ ባለሙያ ሆኜ የተቀጠርኩት ነሐሴ መጨረሻ ላይ ነው። የስድስት ወር የሙከራ ጊዜዬ የካቲት መጨረሻ ላይ ያልቃል። በእነዚህ ወራት የተሰጠኝ ትልቁ ሥራ ከከተማው ወጣ ብላ ላለች ቀበሌ የሚሠራ ብርካ ነው፤ የዝናቡን ውሃ ይዞ በጋውን የሚያሻግር የመሬት ውስጥ ገንዳ። ሁለት ወር ሙሉ ሠራሁት። ትልቅ ወረቀት የሚያትም መሣሪያ እዚህ ስለሌለ ፋይሉን በፍላሽ አድርጌ በሚኒባስ ሹፌሩ በሊባን እጅ ድሬዳዋ ላክሁት።

ታትሞ ሲመጣ በወረቀቱ አራቱም ጠርዝ ላይ፣ ከላይ ከታች ከግራ ከቀኝ፣ በእንግሊዝኛ «በተማሪ ፈቃድ የተሠራ፤ ለትምህርት ብቻ» የሚል ጽሑፍ ነበረበት። ኮምፒውተሩ ላይ ምንም አይታይም፤ ሲታተም ብቻ ነው የሚወጣው። የቴክኒክ ኮሚቴው ሰብሳቢ አቶ ደሬሳ ወረቀቱን ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት ጠረጴዛ ላይ ዘረጉትና «ተማሪ ነው የሠራልሽ» አሉኝ። እኔ ራሴ ነኝ የሠራሁት አልኩ። «ታዲያ ወረቀቱ ነው የሚዋሸው?» አሉ።

ቲቸር፣ የቢሮው የንድፍ መሳያ ፕሮግራም ሙሉ ፈቃድ ያለው ነው፤ አንድ የእርዳታ ድርጅት ገዝቶ የሰጠን። ኮሌጅ ሳለሁ የምጠቀምበትን የተማሪ ቅጂ ከተመረቅሁ በኋላ ከፍቼው አላውቅም። ኮሚቴው የካቲት 24 ቀን ይወስናል። ሥራዋን በተማሪ የምታሠራ ከተባልኩ እባረራለሁ፤ ከዚያ በኋላ ደግሞ በዞኑ ውስጥ ማን ይቀጥረኛል? እናቴ ገና አልሰማችም። ሁለት ነገር ልጠይቅዎ፦ ይህ ጽሑፍ በራሱ ጊዜ ሊመጣ ይችላል? እርስዎስ ከዚህ በፊት አጋጥሞዎት ያውቃል?

አክባሪዎ፣
ዴቃ


ጅጅጋ፣ ጥር 9 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለማትጽፈው ተማሪዬ ለዴቃ፣

ደብዳቤሽ በሊባን እጅ ደረሰኝ። ከብርቱካን ካርቶን ሥር ነው ያወጣው፤ አንብቤ ስጨርስ እጄ ብርቱካን ብርቱካን ይል ነበር። ነገ ከተራ ነው፤ ቤቴን ሳላጸዳ ቁጭ ብዬ መልስ እየጻፍኩልሽ መሆኑን እወቂልኝ። ደስ የሚል ወሬ ስትጠብቂ ሰባት ወር ዝም አልሽ፤ ሲከፋሽ ግን በሳምንት ውስጥ ሦስት ገጽ ጻፍሽ። ደግ ነው፤ ሰው ሲቸገር ነው አስተማሪውን የሚያስታውሰው።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። በራሱ ጊዜ አይመጣም። የተማሪ ፈቃድ ባለው ኮምፒውተር የተሳለ ነገር ሁሉ፣ በር ይሁን መስኮት፣ ምልክቱን በሆዱ ይዞ ነው የሚኖረው። ያንን በር ገልብጠሽ ሙሉ ፈቃድ ባለው ስዕል ውስጥ ስታስገቢው ስዕሉ በሙሉ ይለከፋል። ከዚያ ወዲያ በሩን ብታጠፊውም አይለቅም። ስለዚህ ስዕልሽ ውስጥ እንግዳ ገብቷል ማለት ነው። ማን እንደሆነ ፈልጊው።

እንዲህ አድርጊ። የተለከፈውን ፋይል ተዪው፤ አትንኪው። ባዶ አዲስ ገጽ ክፈቺ። ብርካውን የሠራሽባቸውን ክፍሎች አንድ በአንድ፣ መጀመሪያ ከመጡበት ከየራሳቸው ፋይል አምጪና አስገቢ። በእያንዳንዱ ላይ ቆም ብለሽ ፕሮግራሙ የሚልሽን ስሚ። ከግድግዳው ጀምሪ። ቀጥሎ ደረጃውን፣ ከዚያ የደለል ማጣሪያውን፣ አጥሩን፤ ጥቃቅኑን ለመጨረሻ አቆዪው። ጊዜ ይወስዳል። ግን ይህ እኮ ደስ የሚል ፍለጋ ነው፤ እኔ ብሆን እንቅልፍ አይወስደኝም ነበር። አሁንም ተማሪዬ ብትሆኚ ኖሮ ለፈተና አወጣልሽ ነበር።

አንድ ነገር ደግሞ ንገሪኝ፤ ኮምፒውተርሽ ላይ ካንቺ ሌላ ማን ይቀመጣል?

መምህርትሽ፣
እፀገነት


ኤረር፣ ጥር 20 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለቲቸር እፀገነት፣

እንኳን ለጥምቀት በዓል በሰላም አደረሰዎ፤ ዘግይቼ ስላልኩት ይቅርታ።

ኮምፒውተርሽ ላይ ሌላ ማን ይቀመጣል ላሉኝ፦ ዐብዲዐዚዝ። ቀያሽ ነው፤ መሬቱን ለክቶ ቁጥሮቹን በእኔ ኮምፒውተር ላይ ይገለብጣል። የአጎቱ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ስለሚማር እሱ ነው የተማሪ ሥራ ያመጣብኝ ብዬ ጠረጠርኩት። ጠርጥሬም ዝም አላልኩም፤ ሰው ፊት ጠየቅሁት። «ወላሂ እኔ ቁጥር እንጂ ስዕል አላመጣሁም» ብሎ ወጣ። ቁጥሮቹን ስፈትሽ ንጹሕ ናቸው። ሁለት ቀን አላናገረኝም። በሦስተኛው ቀን በግመል ወተት የተፈላ ሻይ ገዝቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩለት፤ ጠጥቶ ሲጨርስ «ስኳር አንሶታል» አለኝ። ታርቀናል ማለት ነው።

አሁን ስለ ፍለጋው። ብርካዬ አሥራ አራት ክፍል አለው። ግድግዳው ንጹሕ ሆነ። ደረጃው ንጹሕ። የደለል ማጣሪያው፣ የውሃ መግቢያው ቦይ፣ የሽቦ አጥሩ፣ በሩ፣ ክዳኑ፣ ሁሉም ንጹሕ። እዚህ መብራት እንደፈለገ ስለሚሄድ ሦስት ጊዜ ከመጀመሪያው ጀመርኩ። ሲሰለቸኝ ደግሞ «እንግዳው ማን ይሆን?» የሚለው ሐሳብ ይመልሰኛል። ዐብዲዐዚዝ እንኳን ጉጉቱ ይዞት ምሳ ሰዓቱን ከኋላዬ ቆሞ ያሳልፍ ጀመር። አሥራ ሦስተኛው ሰሜንን የሚያሳየው ቀስት ነበር። ንጹሕ።

የቀረችው ሴትዮዋ ብቻ ነበረች። የብርካውን ጥልቀት ከሰው ቁመት ጋር ለማነጻጸር ደረጃው አጠገብ ያቆምኳት፣ ጀሪካን በጀርባዋ የተሸከመችው። እሷን ሳስገባ አንዲት ትንሽ መስኮት ብቅ አለች። ለመጀመሪያ ጊዜ እስከ መጨረሻው አነበብኳት፤ «ይህ ክፍል በተማሪ ፈቃድ የተሠራ ነው። ካስገቡት ስዕልዎም እንዲሁ ይሆናል። ልቀጥል?» ትላለች። ከሥሯ «ቀጥል» የሚል አለ። ጥቅምት ላይ እኔው በእጄ ሳላነብ ተጭኜዋለሁ ማለት ነው።

ዐብዲዐዚዝ አጨበጨበ። እኔም ደስ ብሎኝ ከወንበሬ ተነሳሁ። ወዲያው ግን ሴትዮዋን ያገኘሁት ከማን እንደሆነ ትዝ አለኝና ተቀመጥኩ። ሁለተኛ ዓመት ሳለን ለክፍሉ በሙሉ በፍላሽ ያደሉን እርስዎ ነበሩ። ሴትዮዋ ከየት የመጣች ናት ቲቸር? የእርስዎ ሥራ ናት ወይስ እርስዎም ከሰው ነው ያገኟት?

አክባሪዎ፣
ዴቃ


ጅጅጋ፣ ጥር 29 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለዴቃ፣

ጎበዝ። አሥራ ሦስቱን ሳትዘልዪ እስከ አሥራ አራተኛው መሄድሽን ስሰማ ኮራሁብሽ። ለዐብዲዐዚዝ ግን ሻዩን ስኳር ጨምረሽ ድገሚው።

እዚህ ነፋሱ ከተማውን አቧራ አልብሶታል፤ የሰቀልኩት ልብስ ካወጣሁት በላይ ቆሽሾ ነው የሚገባው። ክፍሌ ውስጥ ዘንድሮ አርባ አንድ ተማሪ አለ፤ ኮምፒውተሩ አሥራ ሁለት ነው። እንዴት እንደምንቀመጥ አንቺ ታውቂያለሽ።

ስለ ሴትዮዋ አመጣጥ ጠይቀሽኛል። የእኔ ሥራ ናት። ፕሮግራሙ ሲጫን ለማነጻጸሪያ የሚሆኑ ሰዎች አብረውት ይመጣሉ፤ አንድ ቦርሳ የያዘ ሰውዬ፣ አንዲት ውሻ በገመድ የምትጎትት ሴት፣ አንድ ብስክሌት ነጂ። አንድ ዓመት አንድ ተማሪዬ ለቀብሪበያህ የውሃ ቦኖ ሲስል ውሻ ጎታቿን ከቦኖው አጠገብ አቆማት። ክፍሉ ሲስቅ ዋለ። እኔ ግን ማታውኑ ተቀምጬ ጀሪካን የተሸከመች ሴት ሳልኩ፤ ድርያ ቀሚሷን ነፋስ ትንሽ ገለጥ እንዳደረገው አድርጌ። ደግሜ ደጋግሜ ነው የሳልኳት። ከሠራሁት ሁሉ የምወዳት እሷን ነው።

መፍትሔው ቀላል ነው። ያለ እሷ የሰበሰብሽውን አዲሱን ፋይል አሳትሚ፤ ጠርዙ ነጭ ሆኖ ይወጣል። ነጩን ወረቀት አምጥተሽ አስረክቢ። ሰው በዓይኑ ያየውን ነው የሚያምነው። ያች ሴትዮ ከየት መጣች ካሉሽ ከኢንተርኔት ነው በያቸው፤ ማን ይከታተላል? ነገሩን ባታበዢው ይሻላል።

እፀገነት


ኤረር፣ የካቲት 12 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለቲቸር እፀገነት፣

ዛሬ እሑድ ስለሆነ ቢሮ ዝግ ነው፤ ተረጋግቼ ለመጻፍ ጊዜ አገኘሁ።

«ነጩን ወረቀት ሲያዩ ምን አሉ?» ብለው በሊባን በኩል ጠይቀውኛል። አቶ ደሬሳ ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን ዘርግተው ብዙ አዩአቸው። «ስዕሉ አንድ ነው፤ ሴትዮዋ ብቻ ጠፍታለች። እንግዲያው ምልክቱን ያመጣችው እሷ ናት። እሷን ማን ሰጠሽ?» አሉኝ። ክፉ ሰው አይደሉም። ከተማሪ የተገኘ ከሆነ ሌላውም ስዕል ከተማሪ አለመገኘቱን በምን እናውቃለን ነው የሚሉት። እኔም በእሳቸው ቦታ ብሆን ይህንኑ እጠይቃለሁ። ምንጩን እስከ 24 በጽሑፍ እንዳቀርብ ታዝዣለሁ።

ከኢንተርኔት ነው ማለት አቃተኝ። ለማለት አፌን ከፍቼ ነበር። ኮሌጅ እያለን የለካነውን ቁጥር እንዲገጥምልን አስተካክለን ስንጽፍ ወረቀታችንን የሚመልሱብን እርስዎ ነበሩ፤ እርስዎ የመለሱብኝ ወረቀት እስካሁን አለኝ።

ዛሬ ጠዋት ደግሞ ማንም አንብቦት የማያውቀውን ነገር አነበብኩ፤ የተማሪውን ፈቃድ ውል። ሠላሳ አንድ ገጽ ነው። ሲጫን ሁላችንም «ተስማምቻለሁ» ብለን የምናልፈው። ቢያነቡት ይገርምዎታል። ነጻ የሚሰጠው ለተማሪና ለመምህር ነው። በየዓመቱ ተማሪ ወይም መምህር መሆንን በማስረጃ ማደስ ያስፈልጋል። የሚፈቀደው ለመማርና ለማስተማር ብቻ ነው፤ ክፍያ ላለው ሥራ አይፈቀድም። በእሱ የተሳለ ነገር የትም ቢሄድ ምልክቱን ይዞ ይሄዳል ይላል። እኛ ዘንድ ግመል ላይ በጋለ ብረት የሚደረገውን ሱመድ ነው ያስታወሰኝ። ግመሉ ቢሸጥም ቢሰረቅም ሱመዱ መጀመሪያ የማን እንደነበር ይናገራል። የሠሩት ሰዎች ሞኞች አይደሉም።

አንድ ነገር ግን አልገባኝም፤ ተቆጥተው እንዳያነቡብኝ። ክፍል ውስጥ ስህተት ስንፈልግ «መጀመሪያ ከሌላ ሰው የተቀበላችሁትን ፈትሹ፤ የራሳችሁን ኋላ» ይሉን ነበር። ጥር ላይ ግን ከግድግዳው፣ ከራሴ ሥራ እንድጀምርና ጥቃቅኑን መጨረሻ እንዳደርግ ጻፉልኝ። ከእርስዎ የተቀበልኩት ሴትዮዋን ብቻ ነበር። በመጀመሪያው ደብዳቤ አጋጥሞዎት ያውቃል ወይ ብዬ የጠየቅሁትንም አልመለሱልኝም። ምናልባት ረስተውት ይሆናል።

አክባሪዎ፣
ዴቃ


ጅጅጋ፣ የካቲት 19 ቀን 2015 ዓ.ም.

ዴቃ ልጄ፣

አልረሳሁትም።

«ያውቁ ነበር ወይ?» ብለሽ ፊት ለፊት ብትጠይቂኝ ይሻለኝ ነበር። ጨዋ ስለሆንሽ ዙሪያውን ዞርሽ፤ እኔ ግን በቀጥታ ልመልስልሽ። አውቅ ነበር። «በአራቱም ጠርዝ» የሚለውን እንዳነበብኩ ሴትዮዋ ናት ብያለሁ። ከግድግዳው ጀምሪ ያልኩሽ እሷ ዘንድ እስክትደርሺ ጊዜ እንዳገኝ ነው። የዐብዲዐዚዝ ስም ሲጠፋ፣ ሻይ ሲፈላ፣ አንቺ ሦስት ጊዜ ከመጀመሪያው ስትጀምሪ እኔ እዚህ ሆኜ ምን እንደማደርግ አስብ ነበር። ደስ የሚል ፍለጋ ነው ያልኩሽን ሳስታውስ ፊቴን እሸፍናለሁ።

ለምን? ፈርቼ ነው። ውሉን አንብበሻልና ነገሩ ይገባሻል። ፈቃዱ የተሰጠኝ መምህር ስለሆንኩ፣ ላስተምርበት ነው። እኔ ግን ስድስት ዓመት ሙሉ ከሰዓት በኋላ የሰው ቤት ፕላን ሳልኩበት፤ አስከፍዬ። ሲታተም ምልክቱ በአራቱም ጠርዝ ይወጣል። ማስመሪያ አስደግፌ በምላጭ እቆርጠዋለሁ። ጅጅጋ ውስጥ ጠርዙ ከሌላው የጠበበ ፕላን ካየሽ የእኔ ነው። ቀጥ ብሎ ስለሚቆረጥ ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። ድሬዳዋ ያተመልሽ ሰው መቁረጥ ስላልለመደ እንዳለ ላከልሽ፤ የእሱ ጥፋት ይኸው ብቻ ነው። ሴትዮዋ የእኔ ናት ብዬ ከፈረምኩ ቀጣዩ ጥያቄ «በዚያው ፈቃድ ሌላስ ምን ሠራሽ?» የሚል ነው። ከኮሌጁ ብባረር በዚህ ዕድሜዬ የት እሄዳለሁ አልኩ። አንቺ የት እንደምትሄጂ ግን አላሰብኩም። ይቅር በይኝ።

አብሮት ያለው ያልታሸገ ፖስታ ለኮሚቴው ነው። እንድታነቢው ብዬ ነው ያላሸግሁት። እንዲህ ይላል፦ «ጀሪካን የተሸከመችው ሴት ምስል በእኔ የመምህርነት ነጻ ፈቃድ የተሳለች ናት። ወደ ሥራ ስዕል እንዳትገባ ሳላስጠነቅቅ ለተማሪዎቼ ያደልኩት እኔ ነኝ። የቀረው ስዕል የዴቃ ነው፤ ሦስት ዓመት አስተምሬያታለሁና እጇን አውቀዋለሁ።» ፈርሜበታለሁ፤ ስልኬንም ጽፌአለሁ። ሊባን እስከ 23 ይደርሳል። ከስብሰባው በፊት አስገቢው።

እፀገነት


ኤረር፣ የካቲት 28 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለቲቸር እፀገነት፣

«ምን ተወሰነ?» ብለው አራት ጊዜ ደውለውልኛል፤ አላነሳሁም። ይቅርታ ያድርጉልኝ። በስልክ ብነግርዎ ያስለቅሱኛል ብዬ ነው።

ሊባን በ23 ደርሷል። ደብዳቤዎን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። በማግስቱ ይዤው ወደ ስብሰባው ገባሁ። አቶ ደሬሳ «ሴትዮዋን ማን ሰጠሽ?» ሲሉኝ ወረቀቱ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። «ተማሪ ሳለሁ ካጠራቀምኳቸው ፋይሎች ውስጥ ናት። ማስጠንቀቂያውን ሳላነብ ያስገባሁት እኔ ነኝ» አልኩ። ውሸት የለበትም፤ ግማሹን ብቻ ነው የተናገርኩት። «ስም ጥሪ» አሉኝ። ስም አልጠራሁም፤ ቦርሳዬን ወደ ጉያዬ ሳብኩት።

ከዚያ ኮምፒውተሩ ፊት አስቀምጠው ደረጃውንና የደለል ማጣሪያውን ከባዶ ገጽ አስሳሉኝ። ሁለት ሰዓት ፈጀ። አቶ ደሬሳ ወንበራቸውን አጠገቤ ስበው «ማጣሪያው ለምን እዚህ ሆነ? ወዲያ ቢሆንስ?» እያሉ ሲጠይቁ እኔም ስመልስ ስብሰባ መሆኑ ተረሳኝ። ሲያበቃ «ስዕሉ የራስሽ ነው፤ አምነናል» አሉ። ግን ምንጩን ባለመግለጼ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሰጡኝ፤ የሙከራ ጊዜዬም በሦስት ወር ተራዘመ። የሰው ኃይል ክፍሏ ደስታነሽ ወረቀቱን ስታስፈርመኝ በዝግታ «ማስጠንቀቂያ ፋይሉ ውስጥ እያለ ቋሚ የሆነ ሰው እስካሁን አላየሁም፤ የምትይው ነገር ካለሽ ቶሎ በይው» አለችኝ።

እኔ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነው፤ ሌላ ሥራ እፈልጋለሁ። እርስዎ ከኮሌጁ ከወጡ ግን እነዚያን አርባ አንድ ልጆች ማን ያስተምራቸዋል? ደብዳቤውን ሻንጣዬ ውስጥ ቁርአኔ አጠገብ አስቀምጬዋለሁ። አይስጉ፤ ማንም አያየውም።

ሌላ ወሬ ልንገርዎ። ስዕሉ ሰው ስለሚያስፈልገው ራሴ ሌላ ሴት ሳልኩ። ጎረቤቴን ሳዳን ሙሉ ጀሪካን አሸክሜ ግድግዳ አጠገብ አቆምኳትና በሜትር ለካኋት፤ ልጆቿ ተሰብስበው ሲስቁብን ነበር። የእርስዎ ሴትዮ ቀጥ ብላ ነው የምትቆመው። ሳዳ ግን ሃያ ሊትር ተሸክማ ቀጥ አትልም፤ ወደፊት ታዘነብላለች፤ እጇም የሚያርፈው እኔ የደረጃውን የእጅ መደገፊያ ካደረግሁበት በታች ነው። መደገፊያውን ዝቅ አደረግሁት። ይህን ሳይጠይቁኝ የምነግርዎ እንዲያርሙኝ ነው።

አክባሪዎ፣
ዴቃ


ጅጅጋ፣ መጋቢት 8 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለዴቃ፣

ሁዳዴ ላይ ነኝ፤ ይህን ቁጣ በባዶ ሆድ እንደጻፍኩት እያሰብሽ አንብቢው።

የሰው ደብዳቤ ሻንጣ ውስጥ ማስቀመጥ ከማን ተማርሽ? ያ ወረቀት ላይ የማን ስም ነው ያለው? ለኤረር ወረዳ ውሃ ጽሕፈት ቤት የቴክኒክ ኮሚቴ ነው የሚለው። ላንቺ አልጻፍኩልሽም። እንድታነቢው ፈቀድኩልሽ እንጂ እንድትወስኚበት አልሰጠሁሽም። እኔ ፈርቼ ስደብቅ አንቺ ደግሞ እኔን ትደብቂልኛለሽ? ሁለታችንም ከደበቅን ማን ሊናገር ነው?

«ኮሌጁ ቢሰማስ?» ብለሽ በሊባን ጠይቀሽኛል። ሰምቷል። ባለፈው ሰኞ ዲኑ ቢሮ ራሴ ገብቼ ነገርኩት፤ የሴትዮዋንም፣ የምላጩንም። ለሁለት ሴሚስተር ከኮምፒውተር ክፍል ታግጃለሁ፤ ፈቃዱንም መልሻለሁ። የአንደኛ ዓመቶቹን በእርሳስና በማስመሪያ አስተምራለሁ። ይህን ያህል ቀላል ቅጣት ይሆናል ብዬ አላሰብኩም ነበር፤ ለዚህ ነበር እንዴ አንቺን አሳልፌ ልሰጥ የነበረው እያልኩ ነው የሰነበትኩት። ከባድም ቢሆን ኖሮ የእኔ ነበር።

ደግሞ ነገሩ ያንቺ ብቻ አይደለም። ካንቺ በፊት የተመረቀችው ፈርዶውሳ ከሽንሌ ደውላልኝ ነበር፤ ለአንድ ጤና ኬላ የሠራችው ስዕል በአራቱም ጠርዝ ተጽፎበት ወጥቶ ግራ ገብቷታል። ሴትዮዋን ለአራት ዙር ተማሪ ነው ያደልኳት። እያንዳንዱ «ቀጥል» እያለ የት የት እንዳደረሳት እንጃ። ለሁሉም እየጻፍኩ ነው። አንቺ ጋ ያለው ደብዳቤ መዝገብ ቤት ገብቶ ቁጥር ካልተሰጠው ሌሎቹ በምን ይከራከራሉ?

የእጅ መደገፊያውን ዝቅ ማድረግሽ ልክ ነው። ስድስት ዓመት ሙሉ ሳያት አንድም ቀን ጀሪካኑን ሙሉ አድርጌ አላሰብኩትም። ይህን የማርምሽ እኔ አይደለሁም።

ደብዳቤውን አስገቢ። መዝገብ ቤት የሰጠሽን ቁጥርና ቀን ጽፈሽ ላኪልኝ።

እፀገነት


ኤረር፣ መጋቢት 21 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለመምህርቴ ለቲቸር እፀገነት፣

እኛም ረመዳን ገብቶልን እርስዎም በሁዳዴ ላይ ስለሆኑ ሁለታችንም በባዶ ሆድ ነው የምንጻጻፈው። ስለዚህ አጭር አደርገዋለሁ።

የመዝገብ ቤት ቁጥሩ 118 ነው፤ የገባው መጋቢት 13 ቀን። ኮሚቴው በማግስቱ ተሰበሰበ። አቶ ደሬሳ ደብዳቤዎን ጮክ ብለው አነበቡት፤ ከዚያ ለብቻቸው ደገሙት። «እኚህ ሴትዮ አሁንም ያስተምራሉ?» ብለው ጠየቁኝ። አዎ፣ በእርሳስ አልኳቸው። «ልጄን እሳቸው ጋ ብልክ ደስ ይለኝ ነበር» አሉ። ማስጠንቀቂያው ከፋይሌ ወጥቷል፤ ቋሚ ሆኛለሁ። እናቴ የነገርኳት ዛሬ ነው፤ መጥፎውንም ደጉንም አንድ ላይ ስለሰማችው የቱን አስቀድማ እንደምትናገር ጠፍቷት ዱዓ አደረገችልን፤ ለእርስዎም ጭምር።

ስዕሉ ከነሳዳ ታትሞ ትናንት መጣ፤ ቁፋሮውም ሰኞ ይጀመራል። እስካሁን ሙከራ ላይ ስለነበርኩ ስሜ አይጻፍበትም ነበር፤ ትናንት ግን አቶ ደሬሳ ብዕራቸውን አቀበሉኝ። በወረቀቱ ቀኝ ጥግ ሦስት ሳጥን አለ፤ የሳለው፣ ያረጋገጠው፣ ያጸደቀው። በመጀመሪያው ላይ ስሜን ጻፍኩና ፈረምኩ። ከዚያም ያስተማረው የሚል ሳጥን ከላይ እስከ ታች ፈለግሁ፤ የለውም።

ልጅዎ፣
ዴቃ